ሳልጠጣ የተንገዳገድኩባቸው ዓመታት

ሰካራም ናት ብለው ስሜን ካጠፉት ሰዎች አንዳቸውም ቀርበው አፌን አላሸተቱም። ያሸተተኝ ባሌ ብቻ ነው፤ እሱም ሊስመኝ የመጣ መስሎ።

ይህን የምጽፈው እግሯ እየከዳት፣ ዓይኗ እየደበዘዘባት በየጤና ጣቢያው በር ለምትንከራተት ሴት ይጠቅማት እንደሆነ ብዬ ነው። ሐኪሞች ያነቡታል ብዬ አልደክምም፤ የመስማት ፈቃድ ቢኖራቸው ፊታቸው ተቀምጬ ስናገር በሰሙኝ ነበር። ዘመዶቼም ቢያነቡት የሚፈልጉት የተመሰገኑበትን ገጽ ነው፤ እሱን ደግሞ አያገኙትም።

ስሜ አስቴር ነው። በደርግ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ሴት የስፖርት አስተማሪ ያኔ ብርቅ ነበረች። ቱታ ለብሼ ወደ ሥራ ስሄድ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ ያደርጋሉ፤ እኔ ደህና አደራችሁ ብያቸው አልፋለሁ። ሮጬ የማልደክም፣ ገመድ ላይ ስወጣ ጎረምሶቹን ተማሪዎቼን የማሳፍር ሰው ነበርኩ። ባሌ ግርማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ከአየር ጤና ብዙም በማይርቅ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስንኖር ታላቅ እህቱ እትዬ በለጥሽም አብረውን ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ለጥቂት ሳምንት ብለው ከጎጃም መጥተው በዚያው የቀሩ ሴትዮ ናቸው። ለማንኛውም በሽታ መድኃኒት ያውቃሉ። በመድኃኒታቸው ያልዳነውን ሰው ግን አያነሡም።

መጀመሪያ የታመመው ዓይኔ ነው። አንድ ጠዋት ስነሣ ቀኝ ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩት ቁጥር ከውስጥ ይወጋኛል። ሲመሽ በዚያ ዓይን የማየው ነገር ሁሉ ቅባት በነካው ብርጭቆ ውስጥ የሚታይ መሰለ። በነጋታው ተማሪዎች ተሰልፈው ሳለ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለውን መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ዓይኔ አየሁት። በግራው ደማቅ ቀይ ነው። በቀኙ ውሃ የበዛበት ሻይ።

ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ሄድኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ጤና ረዳት አስገባኝ። ዓይኔን በባትሪ አይቶ ምን እንደሚሰማኝ ጠየቀኝ። ሕመሙን ነገርኩት፤ ቀጥዬም ስለ ጨርቁ ነገርኩት። ቀይ ነገር በቀኝ ዓይኔ ሳየው ቀይነቱ እንደሚጠፋ አስረዳሁት። ሰውየው ባትሪውን አጥፍቶ ተነሣና በሩን ዘጋ።

"እህቴ፣ ይህን ሌላ ቦታ እንዳትናገሪ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቀይ ቀይ ነው።"

የዓይን ቅባት ሰጥቶ ሸኘኝ። ያ ሰው በዚያች ሰዓት የበሽታዬን ዋና ምልክት በእጁ ይዞት ነበር። የታየው ግን ካድሬ ብቻ ነው።

ቤት ስገባ እትዬ በለጥሽ ፊቴን አይተው ምች ነው አሉ። ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ፤ ግንባሬንም ቀቡኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓይኔ እየጠራ መጣ። ጤና ረዳቱ ቅባቱ ነው አለ። እትዬ በለጥሽ ዳማከሴው ነው ብለው ለሰፈሩ አወጁ። ለምን እንደመጣ የጠየቀ የለም፤ የሄደ በሽታ ባለቤት የለውም። ቀለሙ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰልኝም። ስሮጥና ፀሐይ ሲመታኝ ዓይኔ ይደበዝዛል፤ አረፍ ስል ይመለሳል። እኔም ዝም አልኩ፤ ቀይ ቀይ ነው ተብያለሁና።

በሚቀጥለው ዓመት ከፋሲካ በኋላ እግሬ ደነዘዘ። ካልሲ ሳላወልቅ የተኛሁ መስሎኝ ብርድ ልብሱን ገልጬ ባይ ባዶ እግሬን ነኝ። ድንዛዜው በየቀኑ ወደ ላይ ወጣ፤ ጉልበቴን አልፎ ወገቤ ደረሰ። ደረቴን ደግሞ አንድ ሰው ዙሪያውን በመቀነት ጠፍሮ የሚያጠብቀው ይመስለኝ ጀመር። የጫማዬን ክር ላስር አንገቴን ሳጎነብስ ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር ከማጅራቴ ተነሥቶ በጀርባዬ እስከ እግሬ ይወርዳል።

ክሊኒኩ ነርቭ ነው አለና የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። ነርቭ ማለት ምን እንደሆነ ስጠይቅ መርፌ ወጊው ድሬሰር መድኃኒቱን በመርፌ እየሳበ "ነርቭ ማለት ነርቭ ነው" አለኝ። መቀመጫዬ እስኪደድር ተወጋሁ። ለውጥ ሳጣ ሰው ወደ መከረኝ አንድ የግል ሐኪም ሄድኩ። ይህኛው እጅግ ደግ ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ እጄን ይዞ አናገረኝ፤ ትዳሬን ጠየቀኝ። ልጅ እንደሌለኝ ሲሰማ ፊቱ በራ። ነገሩ ጭንቀት ነው፤ አንድ ልጅ ስወልድ ይለቀኛል። እግሬን አልነካውም፤ ጫማሽን አውልቂ እንኳ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ እጄን የሚይዝ ሐኪም ሲገጥመኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አደርጋለሁ።

ወደ ክሊኒኩ ስመለስ ያው የዓይኔ ጤና ረዳት እግሬን በመርፌ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገው። አልተሰማኝም። ተረከዜ ላይ ሳላውቀው ፍም አቃጥሎኝ ውሃ የቋጠረውን ቦታ ሲያይ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ ሄዶ እጁን ታጠበ፤ ተመልሶም ታጠበ። ከዚያ ወደ ሥጋ ደዌ ሆስፒታል ላከኝ። ያ ሆስፒታል ከኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ወሬው ደግሞ ከሆስፒታሉም ይቀርባል። ቤት ስደርስ ቀድሞኝ ገብቷል። እትዬ በለጥሽ የኔን ብርጭቆ ከሌሎቹ ለይተው መስኮት ላይ አስቀምጠውታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ለንጽሕና ነው አሉኝ። ግርማ ከሥራ መጣ፤ ብርጭቆውን አየ፤ እራቱን በላ።

በሆስፒታሉ ግቢ ግንብ ሥር ከብዙ ሰው ጋር ተራ ጠበቅሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ብርቱካን ነበረኝ። በዚያ ሰሞን ጣቶቼም መደንዘዝ ጀምረው ስለነበር ልላጠው ስል ከእጄ እያመለጠ መሬት ላይ ይንከባለላል። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት በሽታው ጣቶቿን አሳጥሯቸዋል። ብርቱካኑን አነሣችው፤ በመዳፏ ደግፋ በአውራ ጣቷ ልጣጩን ገፈፈችና ግማሹን ሰጠችኝ። "ብይ፣ ተራው ገና ነው" ብቻ አለችኝ። በዚያ ዓመት ያለ ምክር የተሰጠኝ ነገር ያ ብርቱካን ብቻ ነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ክርኔንና አንገቴን በጣቱ ዳበሰ፤ ቆዳዬን በሙሉ አየ። ሥጋ ደዌ የለብሽም፣ ችግሩ ከቆዳሽ ሳይሆን ከጀርባሽ ውስጥ ይመስለኛል ብሎ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈልኝ። ትልቁ ሆስፒታል ቀጠሮ ሰጠኝ። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ግን ድንዛዜው እንደመጣው በራሱ ለቀቀኝ። የዳነች ሴት ወረፋ አትይዝም፤ ሳልሄድ ቀረሁ። እትዬ በለጥሽ እሳቸው ያስጠመቁኝ ጸበል ነው ያዳናት አሉ። ብርጭቆዬን ግን ከመስኮቱ አላወረዱትም።

የባሰው የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ለበዓል ሰልፍ ተማሪዎች ሳለማምድ። ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ነበርን። አንድ ቀን ቀበሌዎችን ከሚያዝዘው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጥተው ከዳይሬክተራችን ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩናል። ወደ ቀትር ገደማ ከፊቴ የተሰለፈው ተማሪ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆነብኝ። ቀኝ ዙር ልል አፌን ስከፍት ምላሴ ተሳሰረ፤ ምን እንዳልኩ ለራሴም አልገባኝም። ግማሹ ሰልፍ ወደ ቀኝ ሲዞር ግማሹ ወደ ግራ ዞረ። ላስተካክል ወደፊት ስራመድ ግራ እግሬ አልከተል አለኝ፤ ተንገዳግጄ አንድ ተማሪ ላይ ተደገፍኩ።

ዳይሬክተሩ ፈገግ እያለ መጣ። "ጓድ አስቴር፣ ትናንት የት አመሸሽ?" አለኝ፣ እንግዶቹ እንዲሰሙት ጮክ አድርጎ። እንግዶቹ ሳቁ። ምርመራዬ በዚሁ አለቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሠራተኛው ሁሉ በግዴታ የሚሰበሰብበት የውይይት ክበብ አጀንዳ እኔ ሆንኩ። ተነሥቼ ስለ መጠጤ ግለ ሂስ እንዳደርግ ተጠየቅሁ። የጠጣሁበትን ቤት የሚያውቅ ይንገረኝና ግለ ሂሱን ላድርግ አልኳቸው። ችግሩ ምላሴ ገና እንደተሳሰረ ነበር፤ ንግግሬ ራሱ ምስክር ሆነብኝ። የሒሳብ አስተማሪዋ ዘይነባ፣ በዚያ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ የምላት እሷን ብቻ ነው፣ ልታድነኝ ተነሣች። "አብሬያት ነው የምውለው። እንኳን አረቄ፣ ውሃ ስትጠጣ እንኳ በአፍንጫዋ ይወጣል" አለች። እውነቷን ነው፤ መዋጥም እየከበደኝ ነበር። አዳራሹ ግን በሳቅ ፈረሰ። ያን ያህል የተማረ ሰው ባንድ ቤት ተሰብስቦ፣ ውሃ በአፍንጫዋ የሚወጣባት ሴት ምን ሆና ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ከሜዳ አነሡኝና የስፖርት ዕቃ ቤት ጠባቂ አደረጉኝ።

ወሬው ግርማ ጋ ሲደርስ ግርማ ከሥራ ሲመለስ ይስመኝ ጀመር። በትዳራችን ዘመን በር ላይ ስሞኝ አያውቅም። ፊቱን ወደ አፌ ያስጠጋል፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከዚያ ጉንጬን ነካ አድርጎ ያልፋል። አንድ ቀን ትከሻውን ያዝኩት።

"ግርማ፣ ልትስመኝ ነው ልታሸተኝ?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ልታሸተኝ ከሆነ አፌን እከፍትልሃለሁ። መሳሙን ግን ተወው።"

ጃኬቱን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ። እትዬ በለጥሽ ከጓዳ ሆነው ወንድ ልጅ ሲገባ በክፉ ቃል አይቀበሉትም ብለው መከሩኝ። በዚያ ሰሞን አልጋ ላይ ጋደም ባልኩ ቁጥር እግሬን አንድ በአንድ እያንቀሳቀስኩ እፈትሽ ነበር፤ ነገ የትኛው የሰውነቴ ክፍል አልነሣም እንደሚለኝ አላውቅምና። ፍርሃቴን የማካፍለው ሰው አልነበረኝም። አንዱ ለሽታ ነው የሚጠጋኝ፤ እትዬ በለጥሽ ብርጭቆ ለይተውብኛል።

ፍል ውሃ ይሻላታል ያሉት እትዬ በለጥሽ ናቸው። ብርድ ነው የገባት፣ አጥንቷን ሙቀት ያስፈልገዋል አሉ። ግርማ ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ለመነና አንድ እሑድ ወደ ወሊሶ ሄድን። ሴቶች ወደሚታጠቡበት ክፍል ከእትዬ በለጥሽ ጋር ገባሁ። ውሃው ሲነካኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ትንሽ እንደቆየሁ ቀኝ ዓይኔ እንደ ፋኖስ እየደከመ ሄዶ ጨለመ። ልነሣ ስል እግር የለኝም። እጄ ብቻ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ቀረ፤ እሱም እየላላ ነው። እዚያው የምሰጥም መሰለኝ። የማላውቃቸው ሴቶች በብብቴ ይዘው ጎትተው አወጡኝ። እትዬ በለጥሽ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው በሽታው እየወጣ ነው፣ አትንኳት ይሉ ነበር።

ውጪ ነፋስ ባለበት ሣር ላይ ሲያስተኙኝ ነገሩ ተገለበጠ። ሰውነቴ እየበረደ ሲሄድ ዓይኔ መለስ አለ፤ እግሬም ጥቂት ጥቂት መንቀሳቀስ ጀመረ። ግርማ ይህን ቆሞ አየ። በነጋታው ሥራ ቀርቶ ኮልፌ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዞኝ ሄደ። እትዬ በለጥሽም ሳይጠሩ ተከተሉን።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ መቆሚያ አልነበረም። የሚያስለው ያስላል፤ የሚያለቅስ ሕፃን ያለቅሳል፤ ካርድ የምትጠራው ሴት ስም ስትሳሳት ሁለት ሰው አንድ ላይ ይነሣል። ተራችን ሲደርስ የገባነው ዶክተር መርዕድ የሚባል ሐኪም ጋ ነው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጋዋኑን የማይቆልፍ፣ በሽተኛ ፊት ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ነበር። ተቀመጪ አላለኝም።

"ምን ሆነሽ ነው? ባጭሩ" አለኝ።

አንቱ የምለውን ሰው አንቺ ብሎ ሲያመናጭቀኝ ይኸኛውም ያው ነው አልኩ በልቤ። ባጭሩ ነገርኩት፤ መንገዳገዴን፣ ምላሴን፣ ፍል ውሃውን። ፍል ውሃው ላይ ስደርስ ሲጋራውን አጠፋ። ሙቀቱ ውስጥ ምን እንደሆንኩና ሲበርደኝ ምን እንደሆንኩ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀ፤ ከዚህ በፊት መጥቶ በራሱ የሄደ ሌላ ሕመም ነበረብሽ ወይ? ያለፈውን ድንዛዜ ነገርኩት፤ ጻፈ። ስለ ዓይኔ ግን አላነሣሁም። የዓይኔ ነገር ምች ተብሎ የተዘጋ ጉዳይ ነው፤ ከእግር ጋር ምን ያገናኘዋል?

እትዬ በለጥሽ ነገሩ ረዘመባቸው። የሐኪሙን ጠረጴዛ መታ መታ አድርገው "ልጄ፣ ይህችን ልጅ እስከ ዛሬ ያቆየኋት እኔ ነኝ። ዓይኗን ምች መትቷት ልትጠፋ ስትል በዳማከሴ ያዳንኳት ማን ሆነና" አሉ።

ዶክተር መርዕድ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"የትኛውን ዓይን?"

እትዬ በለጥሽ ዳማከሴውን እንዴት እንደጨመቁት ሊያስረዱ ሲጀምሩ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸውና ወደ እኔ ዞረ። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ነበር፤ ያኔ በየቢሮው የማይጠፋው ዓይነት። አንሥቶ ፊቴ ያዘውና አንድ ዓይኔን፣ ቀጥሎ ሌላውን እንድሸፍን አዘዘኝ። ቀለሙ አንድ ነው ወይ? ግርማን አየሁት፤ በሩን አየሁት። በግራ ዓይኔ ቀይ ነው፣ በቀኝ ዓይኔ ሻይ ነው አልኩ። ዶክተሩ መጽሐፉን መልሶ ወረወረው፤ የደነገጠም አልመሰለኝም።

ከዚያ አልጋ ላይ አስተኝቶ እስካሁን ያየኝ ሁሉ ያላደረገውን አደረገ። ጫማዬን አስወለቀኝ። ጉልበቴን በጎማ መዶሻ መታ፤ እግሬ ሊመታው ተወረወረ። የእግሬን ውስጥ በቁልፍ ጫፍ ከተረከዜ ወደ ጣቶቼ ጫረው። አውራ ጣቴ ወደ ታች መታጠፍ ሲገባው ወደ ላይ ቀጥ አለ።

"ይህ ጭንቀት አይደለም" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። "ጭንቀት አውራ ጣት አያነሣም።"

ያን ጊዜ ነው ወንበር ያሳየኝ። እንዳስረዳኝ፣ ያለፈው ዓመት ድንዛዜ ከጀርባ ውስጥ ከሚወርደው ነርቭ የመጣ ነው፤ የዓይኔ ሕመም ከዓይን ነርቭ ነው፤ የአሁኑ መንገዳገድና የምላሴ መተሳሰር ከኋላ ጭንቅላቴ ነው። ቦታው ሦስት፣ ጊዜውም ሦስት፤ አንድ ቁስል ይህን ሁሉ አያደርግም። የሚጠረጥረው በሽታ እዚህ አገር ብዙም አይታይም። "ስለሌለ ይሁን ስለማናይ አላውቅም" አለ። ስለዚህ መጀመሪያ በብዛት የሚታየውን ሁሉ እናስወግዳለን ብሎ የጀርባ ሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ራጅ፣ ቂጥኝ እንዳይሆን የደም ምርመራ አዘዘ። ቂጥኝ የሚለውን ቃል እትዬ በለጥሽ ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ግርማ ከበሩ አጠገብ ወደፊት ቀረበ። "ዶክተር፣ ታዲያ መጠጥ አይደለም ማለት ነው?" አለ።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ሾፌር ነኝ።"

"መሪው የተበላሸ መኪና መንገድ ሲስት ሰክሯል ትላለህ?"

እኔ ያን ባለጌ ሐኪም ያኔ ወደድኩት። ትሕትና ያላቸው ሁሉ ሸኝተውኛል፤ የሰማኝ እሱ ነው።

ራጁም ደሙም ንጹሕ ሆነ። ዶክተር መርዕድ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን ቀጠሮ ጠብቂ አላለኝም፤ የነርቭ ሐኪሙን ራሱ በስልክ አስቸገረው። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አንዲት ነርስ እያስተረጎመች ነው የተነጋገርነው። ከጀርባዬ ውሃ ቀድተው መረመሩ። ውሃ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል ብለው ያስፈራሩኝ ጎረቤቶች ቁጥር ስፍር የላቸውም፤ የደረሰብኝ ግን ጥቂት ቀን የቆየ ራስ ምታት ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ የነርቭ ሐኪሙም የዶክተር መርዕድን ቃል ደገመው። በሽታው መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። ለሳምንታት የምውጠው ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ፊቴን እንደ ሙሉ ጨረቃ አሳበጠው፤ ተማሪዎቹም ሁለትነታቸውን ትተው አንድ አንድ ሆኑ። ምላሴ ተፈታ። እግሬ መጣ፤ ግራው ትንሽ እየተጎተተ።

ዶክተር መርዕድ ዘንድ ተመልሼ ይህ ነገር ምን እንደሆነ በሚገባኝ ቋንቋ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ የለበሰ ነው አለኝ። የራሴ ሰውነት፣ ከበሽታ ሊጠብቀኝ የተፈጠረው ክፍል፣ ጠላት መስሎት ላስቲኩን እዚህም እዚያም ይልጠዋል። በተላጠበት ቦታ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቀራል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በሽታው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲሄድ ሁሉንም ይዞ ላይሄድ ይችላል።

"እድናለሁ?" አልኩት።

"አላውቅም። አድንሻለሁ የሚል ካገኘሽ ውሸታም ነው፤ ተነሥተሽ ውጪ።"

ከዚያ ሁሉ ማጽናኛ ይልቅ እንቅልፍ የሰጠኝ ይህ ነው።

ቤት ስገባ እትዬ በለጥሽ የበሽታውን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ደግመው አስጠሩኝ። ስክለ የሚለውን ይዘው ወጡና እስኪመሽ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ አስቴር ስኳር አለባት አለ። ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት ቤት መራራ ሻይ ይቀርብልኛል። ላርማቸው ሞክሬ ነበር፤ ግን ስኳር አይጋባምና ብርጭቆዬ ከመስኮት ወረደ። ለእውነት ስል ብርጭቆዬን ተመልሼ መስኮት ላይ አላወጣም ብዬ ተውኩት።

ግርማ ይቅርታ የጠየቀኝ መኪና ውስጥ ነው፤ ፊት ለፊት ላለማየት ይመስለኛል። ለምኑ ነው ይቅርታው አልኩት። ስላሸተትኩሽ አለ። እንዳወቅሁብህ ከነገርኩህ በኋላም ታሸተኝ ነበር ወይ አልኩት። አዎ አለ። እያወቀ መቀጠሉ ነው የቆረጠኝ። ይቅር አልኩት፤ ግን ቆይቼ ነው። ወዲያው ይቅር የሚሉ ሰዎችን አላምንም፤ ወይ አልተጎዱም ወይ ቂም ያዘሉ ናቸው። ግርማ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ጀርባዬን በቀዝቃዛ ፎጣ ሲያበርድልኝ ኖሯል፤ ይህንም መጻፍ አለብኝ።

ይህን ለምታነቢው ሴት የምለው ይኸው ነው። ዓይንሽ ደብዝዞ ከተመለሰ፣ ሰውነትሽ ደንዝዞ ከለቀቀሽ፣ ያለፈ ነገር ነው ብለሽ አትርሺው። ከእግር ጋር ምን አገናኘው አትበይ፤ ማገናኘት የሐኪሙ ሥራ ነው። ካልጠየቀሽ ሳትጠየቂ ንገሪው። በሙቀት የሚብስብሽ ከሆነ በሙቀት ላድንሽ ከሚልሽ ዘመድ ሽሺ። ጫማሽን ሳያስወልቅ ጭንቀት ነው የሚልሽን ሐኪም ደግሞ አመስግነሽ ተሰናበቺው፤ ሌላ ፈልጊ።

ትምህርት ቤት የሐኪም ማስረጃዬን ይዤ ስመለስ ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። አዝናለሁ አላለም። የውይይት ክበቡ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ተይዟል አለኝ፤ በቃለ ጉባኤ የተያዘ ስካር በሐኪም ወረቀት አይፋቅም ማለቱ ነው። ዕቃ ቤቱ ለጤናሽ ይሻልሻል ብሎ መከረኝ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ስጠኝ አልኩት፤ ፀሐይ ሳይከር፣ ብርዱ ሳለ። ደግሞም ከኔ ወዲያ ስፖርት የሚያስተምርለት አላገኘም ነበር። አንድ ወር እያየን እንቀጥላለን አለ።

በመጀመሪያው ቀን ከወጨጫ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ጣት ይቆርጣል። ለኔ ግን ከመድኃኒት ይበልጣል። ከዘራዬን ይዤ ሜዳው ዳር ቆምኩ። ዳይሬክተሩ በቢሮው መስኮት ቆሟል፤ ሊያይ። ተማሪዎቹ ሜዳውን እንዲዞሩ አዘዝኳቸው፤ የተሳሳቱትን ላርም እኔም ወደ መሀል ገባሁ። መሀል ስደርስ ግራ እግሬ ተያዘ። ሳላስበው በደረቴ መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

ሩጫው ቆመ። አንዲት ልጅ ወደ እኔ ስትመጣ ባለሽበት ብዬ በእጄ መለስኳት። ከመስኮቱ በኩል አላየሁም። ተገልብጬ ተቀመጥኩ፤ ቱታዬ ላይ የነበረውን ሣር አራገፍኩ፤ አፈር የገባበትን ፊሽካዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ነፋሁ።

"ማን ቁሙ አላችሁ?" አልኳቸው። "ሩጡ።"

ሮጡ።